ጣሪያ ያጡ ግልገሎች

አላስካ፣ ማርች 19 ቀን 2025

እትዬ ምንትዋብ፣

እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ ተሻለሽ? ልጅሽ ሔቨንስ ደህና ናት? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከብርዱ በቀር ምንም አልሆንኩም። ቶሎ ባለመጻፌ ይቅርታ አድርጊልኝ። ካምፑ ያለው አንድ የሳተላይት መሣሪያ ብቻ ነው። እሱም ጽሑፍ እንጂ ድምፅም ሆነ ፎቶ አያስተላልፍም። ስለዚህ «ፊትህን አሳየኝ» ያልሽው አይሆንልኝም። አልከሳሁም ስልሽ እመኚኝ።

ሔቨን ሥራዬን በስልኳ ብታስተረጉመው «ማኅተም ያጠናል» ብሎ አወጣላት ያልሽኝን አንብቤ ብቻዬን ሳቅሁ። ለቤተ ክርስቲያን እናቶች እንዲህ ብለሽ አስረጂልኝ። እንግሊዝኛው ለማኅተምም ለእንስሳውም አንድ ቃል ስለሆነ ነው፤ እንስሳው አቆስጣ ይባላል። አካሉ ዓሣ፣ ፊቱ ውሻ የሚመስል፣ በባሕር የሚኖር፣ ግን እንደ ላም ወልዶ የሚያጠባ ፍጥረት ነው። እዚህ በክረምት ባሕሩ ይረጋል። አቆስጣዋ በረዶውን ከሥር በጥፍሯ እየፋቀች መተንፈሻ ቀዳዳ ታበጃለች። ከዚያ በቀዳዳው ላይ የተከመረውን ስኖው ቆፍራ ጎጆ ትሠራና እዚያው ትወልዳለች። እንዳይምታታብሽ፣ ከሰማይ የሚወርደውን ስኖው፣ የረጋውን ባሕር ደግሞ በረዶ እላለሁ። ግልገሉ ሲወለድ ነጭ ጸጉር እንጂ ስብ የለውም። ከነፋስና ከቀበሮ የሚያስጥለው ያ የስኖው ጣሪያ ብቻ ነው።

ዘንድሮ ጣሪያ የሚሆን ስኖው የለም። ባሕሩ የረጋው በጣም ዘግይቶ ነው፤ ቀድሞ የወረደው ስኖው ሁሉ ውሃ ላይ ወርዶ ቀልጦ ቀርቷል። ስለዚህ እኛ በአካፋ እንከምርላቸዋለን። አለቃችን ዶክተር ኢንግሪድ ፈቃድ አስወጥታለች። ነፋስ ያጠራቀመውን ስኖው ከዚህም ከዚያም እያጋዝን በየቀዳዳው ላይ እንቆልላለን፤ እናቲቱ ከወደደችው ትገባበታለች።

አብሮኝ የሚሠራው ኬለብ ይባላል። የዚሁ አገር ተወላጅ ነው፣ ባሕሩ ዳር ካለችው መንደር። ውሻው ከስኖው ሥር የተደበቀ ጎጆ አሽትቶ ያገኛል። ኬለብ ራሱ አቆስጣ አዳኝ ነው፣ አባቱም አያቱም እንዲሁ። አካፋ አያያዜን ባየ ቁጥር እየሳቀ «የፀሐይ አገር ሰው፣ ወጥ አይደለም እኮ የምታማስለው» ይለኛል። ምናልባት ድንገት የሆነ ነገር ቢመጣ ብዬ ስልክ ቁጥርሽን ለሚስቱ ለኖራ ሰጥቻታለሁ።

በረዶው ወፍራም ነው። አትስጊ።

ወንድምሽ አዶኒያስ


ኦሮራ፣ ማርች 26 ቀን 2025

ወንድሜ አዶኒያስ፣

ሰላምታዬ ካለህበት ይድረስህ። ሔቨን «ቴል ሂም አይ ሚስ ሂም» ብላለች። በአማርኛ ጻፊለት ብላት ክፍሏ ገብታ በሯን ዘጋች።

ስለ ጉልበቴ ጠይቀኸኛል። ጉልበቴ ያው ነው። ቀኑን ሙሉ ኮልፋክስ ጎዳና ላይ ከዳር እስከ ዳር አውቶቡስ ስነዳ ውዬ ማታ አሳንሰሩ ተበላሽቶ ከሆነ ደረጃው ላይ አለቅሳለሁ፣ ካልተበላሸ አላለቅስም። ሌላ የደበቅኩህ ነገር የለም።

ዛሬ ሙቀቱ የሚገርም ነበር። በማርች ወር ሰው በቲሸርት ነው አውቶቡሱ ላይ የሚወጣው። ሁሉም ሲገባ «ቢዩቲፉል ደይ!» ይለኛል። እኔም በፊት «የስ!» እል ነበር። አንተ ከጻፍክልኝ ወዲህ ግን «የስ» ማለት ትቻለሁ። ካፒቶል ሂል የነበርንበትን አፓርትመንት ሳልፍ እናታችን ያረፈችበት ክረምት ትዝ ይለኛል። ስኖው በሩን ዘግቶብን አንተ በመስኮት ወጥተህ በድስት ክዳን ጠረግከው። እኔ እዚያ ውስጥ ሆኜ፣ ይህንን ልጅ እንዴት ነው የማሳድገው እያልኩ አነባ ነበር። ይኸው አድገህ፣ አሁንም ስኖው ትዝቃለህ።

ስለ ኬለብ አንድ ነገር አልገባኝም። የሚያድነውን እንስሳ ነው ጎጆ የሚሠራለት? እንደ በግ አርቢ ነው እንዳልል፣ እንስሳው የዱር ነው። ጠይቅልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። «በረዶው ወፍራም ነው» ብለህ በሦስት ቃል አለፍከኝ። ስለ ግልገል ጸጉር ይህን ሁሉ የጻፍክ ሰው፣ የምትቆምበትን ለምን በሦስት ቃል? ያሳደግኩህ እኔ ነኝ። ስትዋሽ ታሳጥራለህ።

ፋሲካን እዚህ እንደምትሆን ቃል ገብተህልኛል። ዶሮውን የምትገነጥለው አንተ ነህ።

እህትህ ምንትዋብ


አላስካ፣ ኤፕሪል 4 ቀን 2025

እትዬ፣

ይቅርታ፣ ለደብዳቤሽ ዘግይቼ ነው የምመልስልሽ። እጄ አልታዘዝ ብሎኝ ነበር።

ለኬለብ ጥያቄሽን ነገርኩት። በጣም ሳቀ። ከዚያ ሳቁን አቆመና «እኔ የምበላው ከሌለ እኔም የለሁም ብለህ ንገራት። ልጄ የሚበላው ከሌለ ደግሞ መንደሩም የለም» አለኝ። ኖራ እርጉዝ ናት፣ የመጀመሪያቸው ነው።

በመጀመሪያው ሳምንት ነገሩ ሠምሮልን ነበር። ከከመርናቸው ውስጥ ብዙዎቹን እናቶቹ ወደዷቸው። ኬለብ ብቻውን የከመረው አንድ ትልቅ ክምር አለ፣ ከሁሉም ራቅ ብሎ። ውሻው እዚያ ደርሶ ሲቁነጠነጥ ኬለብ በሆዱ ተኝቶ ጆሮውን ስኖው ላይ ለጠፈ። ከዚያ በእጁ ጠራኝ። እኔም ተኝቼ ሰማሁ። ግልገሏ እናቷን ስትጠራ ነበር። እትዬ፣ ሕፃን ነው የሚመስለው። ኬለብ እዚያው እንደተኛ ፊቱ በሙሉ ጥርስ ሆነ።

ከዚያ ዘነበ።

ዝናብ ነው የምልሽ፤ የክረምት የአዲስ አበባ ዓይነት። እዚህ በዚህ ወር ዝናብ አይታወቅም። ኬለብም አያውቀውም፤ እናቱም በዚህ ወር አይተው አያውቁም። ድንኳኑ ውስጥ ተቀምጠን የሚወርደውን እየሰማን ማንም ማንንም አላየም። ሲያባራ ወጣን። ጣሪያዎቹ ወድቀዋል። አንዳንዶቹ ግልገሎች ከነሕይወታቸው ሥሩ ተቀብረዋል። የቀሩት ሜዳ ላይ ናቸው፣ ያ ነጭ ጸጉራቸው ርሶ ከቆዳቸው ጋር ተጣብቆ። ጸጉሩ አንዴ ከራሰ አያሞቅም። ይንቀጠቀጣሉ። ሲጮሁ ቀበሮው ይሰማል፣ አሞራውም ይሰማል። ዓይናቸውን ነው አሞራው የሚጀምረው።

ለምን አታስገቧቸውም ብለሽ እንደምትጠይቂኝ አውቃለሁ። እኔም ዶክተር ኢንግሪድን ጠይቄያታለሁ፣ ጮኼባታለሁ። ሰው ካነሳቸው እናቲቱ ልትተዋቸው ትችላለች። ደግሞስ ወዴት ነው የምናስገባቸው? ወተቱን ከየት እናመጣለን? እሷም እያለቀሰች ነበር የመለሰችልኝ።

የኬለብ ክምር አልወደቀም። ከላይ ሳስቷል እንጂ ቆሟል። ሌላም አንድ ሁለት አሉ። ነገ እንደገና እንከምራለን።

ስለ በረዶው አትጠይቂኝ። ከላዩ ውሃ ቋጥሯል። ይኸው አላሳጠርኩም።

አዶኒያስ


ኦሮራ፣ ኤፕሪል 6 ቀን 2025

አዶኒያስ፣

ሰላምታ የለኝም። ዛሬውኑ ውጣ።

አንብቤው ቤት መግባት አቅቶኝ መኪናውን ፓርክ እንዳደረግኩ ውስጡ ቀረሁ። ሔቨን ወርዳ ነው ያወጣችኝ። አሳየኋት፤ አማርኛውን ቀስ እያለች አነበበችና ስለ ዓይናቸው ያለው ጋ ስትደርስ ስልኩን መለሰችልኝ። ከዚያ ወዲህ አልበላችም።

እኔ ስለ እንስሳ የማላዝን ሰው አይደለሁም። ታውቀኛለህ። ግን ውሃ የቋጠረ በረዶ ላይ አካፋ ይዘህ መቆምህን እያወቅኩ እንዴት አድርጌ መሪ ልያዝ? ዛሬ ቀይ መብራት ጥሼ አለፍኩ። ሰው ጭኜ። ሱፐርቫይዘሩ ጠርቶኛል።

አካፋውን ሌላ ሰው ይያዘው። ቢያንስ ሁለታችሁም ውጡ። ኬለብም እርጉዝ ሚስት አለችው።

ምንትዋብ


አላስካ፣ ኤፕሪል 11 ቀን 2025

እትዬ፣

ስላልጻፍኩልሽ ይቅርታ። መሣሪያው ውሃ ገብቶበት ነበር። ደህና ነኝ።

ፋሲካን አልመጣም። ሥራ አለኝ። አሁን ዳር ላይ ካለችው የአዳኞች ጎጆ ነው የማድረው፤ መሬት ላይ ናት፣ ጥሩ ናት። ቀን ቀን እየወጣሁ እከምራለሁ። ውሻው እግሬ ሥር ይተኛል። ሌሊት ይነሳና በሩን ያሸታል።

ቀይ መብራት አትጣሺ። ሔቨንን አብያት።

አዶኒያስ


ኦሮራ፣ ኤፕሪል 13 ቀን 2025፣ ሆሳዕና

ወንድሜ፣

ደብዳቤህ ሲደርሰኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ጽፌልህ ነበር፤ የኬለብ ውሻ ለምን አንተ ጋ ያድራል ብዬ። አልመለስክልኝም። ጠበቅኩህ። ልትነግረኝ ጊዜ ልስጥህ ብዬ ነው እንጂ አውቄዋለሁ። ኖራ ደውላልኛለች።

ሥራ ላይ ነበርኩ፤ የማላውቀው ቁጥር ነው። ሁለቴ ዘጋሁት። ሦስተኛ ሲደወል አውቶቡሱን ዳር አስያዝኩና አነሳሁት። ድምፅዋ ቀጭን ነው። «ባሌ በረዶው ውስጥ ገብቷል። አላገኘነውም» አለችኝ። ለሐዘን በእንግሊዝኛ የማውቀው «አይ አም ሶሪ» ብቻ ነው። እሱን ደጋገምኩት። ከዚያ «የደወልኩት ስለ እሱ አይደለም። ሌሎቹ ሁሉ ወጥተዋል። ያንቺ ወንድም አልወጣም። በየቀኑ እዚያው ይሄዳል። እባክሽ ጥሪው» አለች። ባሏን ያጣች ሴት እኔን እባክሽ ስትለኝ!

ተሳፋሪዎቹ ከኋላዬ ጠበቁኝ። አንዲት አሮጊት መጥታ ጀርባዬን ያዘችኝ።

ዛሬ ቅዳሴ ቆሜ ዘንባባ ተሰጠኝ። እጄ ላይ ያለውን አላየሁትም። ምን ሆነ? ንገረኝ። ስላንተ ከሰው መስማት አልችልም።

ምንትዋብ


አላስካ፣ ኤፕሪል 15 ቀን 2025

እትዬ፣

የሆነውን ልንገርሽ።

ከዝናቡ በኋላ ዶክተር ኢንግሪድ ሁላችንም እንድንወጣ አዘዘች። ዕቃ ጭነን አበቃን። ኬለብ «አንዴ ክምሬን ላጠንክርና እደርስባችኋለሁ» አለ። ኢንግሪድ አይሆንም አለች። እሱ ግን በበረዶ ላይ የሚሄደውን ሞተሩን አስነስቶ ሄደ። እኔ በእግር ተከተልኩት። በዓይኔ እያየሁት ነበር፤ ቆሞ ሲከምር፣ አካፋውን ስኖው ላይ ሰክቶ እጁን ሲያወዛውዝልኝ። ጨርሶ ሲመለስ፣ ሞተሩ ላይ እንደተቀመጠ፣ በረዶው ምንም ድምፅ ሳያሰማ ዋጠው። ይሰነጠቃል፣ ይጮሃል ብዬ ነበር የማስበው። አልጮኸም። እንደ እርጥብ ብስኩት ነው የሆነው።

ብቅ አለ። ሮጥኩ፤ ከዚያ በሆዴ ተሳብኩ። ገመድ ወረወርኩለት፣ ያዘው። ጎተትኩ። ደረቱ ድረስ ወጥቶ ነበር፣ እትዬ። ፊቱን አይቼዋለሁ። ጫፉ እንደገና ተሰበረ። ገመዱ ቀለለኝ።

ሌሎቹ መጥተው በእግሬ ጎትተው አወጡኝ።

ሄሊኮፕተሩ ሲመጣ ሁሉም ተሳፈሩ። እኔ አልሳፈርም አልኩ። ኢንግሪድ ለመነችኝ። ሥራዬን ለቅቄአለሁ አልኳት፤ የሳተላይት መሣሪያውን ትታልኝ ሄደች። ያን ክምር ትቼ ወዴት ልሂድ? ሌሎቹ ጎጆዎች ሁሉ ወድቀዋል። የእሱ ብቻ ነው የቀረው። ግልገሏ ውስጥ ናት፤ ድምፅዋን በየቀኑ እሰማለሁ። ፀሐዩ ከላይ ይበላዋል፣ እኔ እመልሳለሁ። ጥቂት ሳምንት ብትጠባና ስብ ብታወጣ በራሷ ትተርፋለች። እኔ ከወጣሁ ጣሪያው ሁለት ቀን አይቆምም። ያ ሰው የሞተው ለምንድን ነው ታዲያ? በምን አፌ ነው ኖራን የማያት?

አትጥሪኝ። ከጠራሽኝ እመጣለሁ፣ ስለዚህ አትጥሪኝ።

አዶኒያስ


የኬለብ መንደር፣ ኤፕሪል 18 ቀን 2025፣ ስቅለት

አዶኒያስ፣

ይህን የምጽፍልህ ከኖራ ወጥ ቤት ነው።

ሔቨንን ጎረቤት አደራ ብዬ፣ ሱፐርቫይዘሩን «ኦፍ ካልሰጠኸኝ ቁልፉ ይኸው» ብዬ መጣሁ። ከዴንቨር ሲያትል፣ ከሲያትል አንኮሬጅ፣ ከዚያ ወዲህ እያነሰ እያነሰ በሚሄድ አውሮፕላን። የመጨረሻው ላይ ከፓይለቱ አጠገብ ነው የተቀመጥኩት። ከላይ ሳየው ባሕሩ እንደተቀደደ ነጠላ ነው። አንተን የቱ ጋ እንደምፈልግህ አጣሁ።

ኖራ አቀፈችኝ። ሆዷ ገፍቷል። ዛሬ ስቅለት ነው፣ አልበላም አልኳት፤ ምክንያቱን ሳትጠይቅ ሳህኑን አነሳችው።

አሁን የምነግርህን ቁጭ ብለህ አንብብ። ጠዋት የኬለብ ታናሽ ወንድም ሬይ ከአጎቱ ጋር ሆኖ ጀልባ በበረዶው ዳር እየጎተተ ሲወጣ አየሁት። ወንድሙን ሊፈልግ የወጣ መሰለኝ። «እግዜር ያስገኝላችሁ» አልኩ። ኖራ ወደ መስኮቱ እያየች ነበር። «ኬለብን አይደለም» አለችኝ። «እሱን መፈለግ ትተዋል፤ ባሕሩ እስኪከፈት አይገኝም። ያንቺን ወንድም ነው። በወጣ ቁጥር እስኪመለስ ዳር ላይ ጀልባ ይዘው ይቆማሉ። ከገባ ሊያወጡት።»

አንተ ዞር ብለህ ስላላየህ አላወቅክም። በየቀኑ ቆመዋል። አንተ ብትገባ ሬይ ይከተልሃል። እናቱ አንድ ልጅ ነው የቀራት። እኔን አየችኝና እጄን ያዘችኝ። ምነው በሰደበችኝ!

ግልገሏ እንደምታሳዝንህ አውቃለሁ። እኔም ታሳዝነኛለች። እዚህ ወንበር ላይ ተቀምጬ ስለ እሷ አለቀስኩ፣ አይቻት የማላውቃትን አውሬ። ግን ጠርቼሃለሁ። ውጣ። እኔን ጥላኝ፣ ዕድሜህን ሙሉ ቂም ያዝብኝ፣ ውጣ።

እህትህ


አላስካ፣ ጁን 8 ቀን 2025

እትዬ ምንትዋብ፣

እንደምን ሰነበትሽ? ኦሮራ በሰላም ስለመግባትሽ ሔቨን ጽፋልኛለች፤ በአማርኛ፣ በራሷ እጅ። ከፊደሉ ግማሹ ተዟዙሯል። ንገሪያት፣ ሁሉንም አንብቤዋለሁ።

ያን ቀን ከበረዶው ስወጣ ለምን እንዳላናገርኩሽ፣ እዚያ ዳር ላይ ተንበርክከሽ ስትጠብቂኝ ለምን አልፌሽ እንደሄድኩ ጠይቀሽኛል። ተቆጥቼሽ አይደለም። ደብዳቤሽን እንዳነበብኩ ወጥቼ ወደ ኋላ አየሁ። ሬይን አየሁት። እጁን እንኳን አላነሳም፣ ቆሞ ነበር። ከዚያ ለመጨረሻ ጊዜ ክምሩ ጋ ሄድኩ። ተኝቼ ጆሮዬን ለጠፍኩ። ግልገሏ ትጣራ ነበር። እናቷም መልሳላት ከውሃው ስትወጣ ሰማሁ። ስኖው ጨምሬ፣ ደህና አድርጌ መታ መታ አድርጌ፣ ዞርኩ። ስመለስ ድምፅዋ ከኋላዬ ይሰማኝ ነበር። አንቺ ጋ ስደርስም ይሰማኝ ነበር። ብናገር ያንን ድምፅ የማጠፋው መሰለኝ። ሁለት ቀን ቆይቶ እንደገና ዘነበ። ያኔ አንቺም እዚህ ነበርሽ፤ ጣሪያው ላይ ስትሰሚው እኔን አየሽኝና ወደ ግድግዳው ዞርሽ። ይኸው ነው፤ ሌላ ምክንያት የለኝም።

ለምን እንደቀረሁም ጠይቀሽኛል። ባሕሩ እስኪከፈት ነው የቀረሁት። ከወትሮው በጣም ቀድሞ ተከፈተ። ከሬይ ጋር በየቀኑ በጀልባ ወጣን። ባለፈው ሳምንት ኬለብን አገኘነው። ሬይ ነው ያየው። ጃኬቱን ይዘን አብረን ወደ ውስጥ ሳብነው፤ በዚህኛው ጊዜ ከእጄ አልወጣም። ቀበርነው። መሬቱ ከላይ ለስልሶ ከሥር ግን ገና ድንጋይ ስለነበር ቁፋሮውን መንደሩ በሙሉ ተቀባበለው። እኔም ቆፈርኩ።

በረዶው በነበረበት ሁሉ አቆስጣ ፈለግን። ዘንድሮ የተወለዱ ግልገሎች መታየት የነበረባቸው አሁን ነው። ጥቂት ትልልቆች አየን። ግልገል አላየንም። ሽማግሌዎቹ በየምሽቱ ሬይን ይጠይቁታል፤ እሱ ራሱን ይነቀንቃል። አሁን መጠየቁን ትተዋል። ዶክተር ኢንግሪድ ለከርሞም እንከምራለን ብላ ጽፋልኛለች። ስኖው ከወረደ ብላለች።

ኖራ በሰላም ተገላግላለች። ወንድ ነው። ስሙን ገና አላወጡለትም።

ከቀብሩ በኋላ እሷ ቤት ደጃፍ ሄጄ ቆምኩ። ከዚያ በፊት ሸሽቻት ነበር፤ በጓሮ በር ነበር ዕቃ የማስገባላት። ሕፃኑን አቅፋ ወጣች።

«የሱ ክምር ውስጥ የነበረችው ተረፈች?» አለችኝ።

እትዬ፣ ልዋሻት ተዘጋጅቼ ነበር። አዎ፣ ስትዋኝ አየናት ልላት። ቃሉን ሁሉ ደርድሬ ነበር የመጣሁት። አልወጣልኝም።

«አላውቅም» አልኳት። «ትቻት ስመጣ በሕይወት ነበረች።»

ሕፃኑ ተነጫነጨ፣ ትከሻዋ ላይ አዞረችው።

«እሱም ትቶኝ ሲሄድ በሕይወት ነበር» አለች። አልጮኸችም። ፊቷን ማየት አልቻልኩም። ከዚያ በሩን በእግሯ ገፋ አድርጋ ያዘችልኝ። «ግባ። ብርድ እየገባብን ነው።»

ገባሁ።

ወንድምሽ አዶኒያስ